አሥራ አምስት ነው ወይስ ሃምሳ?

የልጅ ልጄ ሰባተኛ ክፍል ናት። ባለፈው ቅዳሜ አዲሱን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላቷን ታቅፋ መጣችና «እማማ፣ እዚህ ጋ ተሳስተው ነው ያተሙት፤ ኢ የምትባለዋ ፊደል ተገልብጣለች» አለችኝ። መነጽሬን አድርጌ አየሁት። ስህተት አይደለም። ከቃሉ አጠገብ በሁለት ዘንበል ያሉ መስመሮች መሃል የሚሰፍረው የአነባበብ ምልክት ነው።

እኔም ነርስነት ስማር እየዘለልኩት ነበር የማልፈው። ትርጉሙን ካወቅሁ ምን ቸገረኝ እያልኩ።

በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ፣ በአንድ የክፍለ ሀገር ሆስፒታል ሕፃናት ክፍል የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ሐኪሙ የውጭ ሰው ነው፤ እንግሊዝኛ ለእሱም ለእኔም የተማርነው እንጂ አፍ የፈታንበት አይደለም። ተቅማጥ ላደከመው ሕፃን ጉሉኮስ ተሰክቶለታል። በደቂቃ ስንት ጠብታ ላድርገው ስል ጠየቅሁት። እየተራመደ «ፊፍቲን» አለኝ። እኔ የሰማሁት «ፊፍቲ» ነው። ሃምሳ አድርጌ ለቀቅሁት።

ሰዓት ያህል ቆይቶ ኃላፊያችን ልትጎበኝ ገባች። የልጁ ትንፋሽ መፍጠኑን አይታ ጠብታውን ቆጠረችና ወዲያው ዘጋችው። ልጁ ተረፈ። እኔ ግን እስኪነጋ አጠገቡ ቆሜ ትንፋሹን ስቆጥር አደርኩ። ለእናቱ አልነገርኳትም፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በማግሥቱ መዝገበ ቃላት ገልጬ ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን አየኋቸው። ሃምሳው ላይ ከመጀመሪያው ክፍል በፊት ከፍ ብላ የተቀመጠች ትንሽ ጭረት አለች፤ ድምፅን እዚህ ጋ ጫን አድርግ ማለት ነው። አሥራ አምስቱ ላይ ያቺው ጭረት ወደ «ቲን» ተዛውራለች። ከአናባቢው ኋላ ደግሞ የእኛን የቃል መለያ ሁለት ነጥብ የሚመስል ምልክት አለ፤ ሳብ አድርገው ማለት ነው። ያንን ሌሊት የሚያህል ልዩነት በአንዲት ጭረትና በሁለት ነጥብ ተጽፎ ኖሯል!

ይህን ለልጅቷ ስነግራት መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ሕፃኑ ነበር። ቀጥላ «ታዲያ እንደሚነበበው ለምን አይጽፉትም?» አለች። እውነቷን ነው። እንግሊዝኛ 26 ፊደላት ይዞ እንደ ተናጋሪው አገር ቢለያይም 44 ያህል ድምፆች አሉት። ምልክቶቹን ያስፋፋው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1886 ፓሪስ ውስጥ ሲመሠረት አባላቱ የቋንቋ መምህራን ነበሩ፤ የእሷን ጥያቄ ሺህ ጊዜ ሳይጠየቁ አልቀሩም። እኛም ብንሆን አንኩራራ። «ገና» ብለን ስንጽፍ በዓሉ ይሁን ያልደረሰው ነገር፣ ማጥበቅና ማላላቱን ፊደሉ አይነግረንም።

የተገለበጠችው ፊደል በእንግሊዝኛ እጅግ የምትዘወተረው አጭር ድምፅ ናት። እኛ «ዶክተር» ስንል በ«ተ» ላይ የምናሰማት ድምፅ ትቀርባታለች። መሃሉ ላይ ሰረዝ ያለበት ክብ ደግሞ እግሩ የተቆረጠ ፀሐዩ «ፀ» ይመስላል። ምላስን በጥርስ መሃል ብቅ አድርገው ሲተነፍሱ የሚወጣው ነው፤ እኛ ብዙ ጊዜ «ስ» ወይም «ት» እናደርገዋለን። እሱን ስንለማመድ በሳቅ ሞትን።

ሳቁ ደስ አለኝ። ለካ ልጅቷ ክፍል ውስጥ ድምፅ አውጥታ ማንበብ ካቆመች ከርማለች። ደሴት የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ኤሷን ሳትዘል «አይስላንድ» ብላ አንብባ ስቀውባት ነው። መዝገበ ቃላቱን ከፍተን አየነው፤ በምልክቶቹ ውስጥ «ስ» የሚባል ድምፅ የለም። «በቃ፣ ከማንበቤ በፊት እዚህ አየዋለሁ» አለች።

ወላጆች የምልክቶቹን ቁልፍ ከመዝገበ ቃላቱ መግቢያ ወይም ከገጾቹ ግርጌ ታገኙታላችሁ። ሁሉንም በአንድ ቀን አታሸክሟቸው፤ እኛ ለሳምንት ሦስት ብለናል።

ምልክቱ ግን ሁሉን አያድንም። አሥራ አምስት የሚለው ቃል ስም ሲከተለው፣ «አሥራ አምስት ጠብታ» እንደማለት፣ ጫናው ወደ ፊት ይሸሽና ከሃምሳ ጋር ይመሳሰላል። ለዚህ ነው ኃላፊያችን ከዚያ ሌሊት ወዲህ ቁጥር በየአኃዙ እንድንደግም ያዘዘችን፦ «ዋን፣ ፋይቭ»። ጡረታ እስክወጣ እንዲሁ አደረግሁ።

አሁን ልጅቷ ማታ ማታ ከበር ጀርባ ቆማ ቁጥር ትጠራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ትናንት ከአሥሩ ሦስቱን ሳትኩ። «እማማ» አለች አንገቷን በበሩ ብቅ አድርጋ፣ «መድገም እኮ ነበረብሽ»።