የኪሴ ሰንጢና የቀጥቃጩ እጅ



ውድ አንባብያን፣ ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ለቤተሰብ መጽሔት የሚሆን ላይመስል ይችላል፤ ስለ ሰንጢ ነው። ሰንጢ ሲባል ብዙ ሰው ፊቱን ያጨማድዳል። ኪስ አውላቂና ዱርዬ የሚይዘው ዕቃ ነው ተብሎ ስሙ ከተበላሸ ቆይቷል። እኔ ግን ላለፉት ሃያ ዓመታት ያህል በጥንቃቄ የተሠሩ የኪስ ሰንጢዎችን ስፈልግ፣ ስገዛ፣ ስስልና ስወለውል የኖርኩ ሰው ነኝ። ዛሬ ዘጠኝ አሉኝ። አንዱ ዘወትር ኪሴ ውስጥ ነው፤ ስምንቱ በጨርቅ ተጠቅልለው ሣጥን ውስጥ ይቀመጣሉ። ባለቤቴ «የአንተ ወርቅ» ትላቸዋለች። ዋጋቸውን ስለምታውቅ ቀልዷ ሙሉ በሙሉ ቀልድ አይደለም።

ነገሩ የመጣው ከሥራ ነው። የአጋሮ ልጅ ነኝ፤ እንጀራዬም ቡና ነው። በቡና ሥራ ላይ ያለ ሰው ያለ ስለት አይውልም። የጆንያውን አፍ የሰፋውን ሲባጎ ይበጥስበታል፤ ከጀንፈሉ የወጣውን ፍሬ ለሁለት ከፍሎ ውስጡን ያይበታል፤ በሊሙ ወይም በጌራ መንገድ ላይ መኪናው ሲቆም ብርቱካን ይልጥበታል። አባቴ (አላህ ይዘንላቸው) ለዚህ ሁሉ የምታገለግላቸው አንዲት ባለ ቀንድ እጀታ ካራ ነበረቻቸው። ከጅማ ሒርማታ፣ ከሐሙስ ገበያ፣ ከአንድ ቀጥቃጭ የገዟት ናት። ወደ እርሷ ኋላ እመለሳለሁ።

ከስብስቤ መጀመሪያ የገባው የስዊዘርላንዱ ቪክቶሪኖክስ ነው። ይበልጥ የማረከኝ ታሪኩ ነው። ካርል ኤልስነር የተባለ ቢላዋ ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1884 ኢባኽ በምትባል መንደር የራሱን መሥሪያ ቤት ከፈተ፤ በ1891 ለሀገሩ ጦር የወታደር ሰንጢ ማቅረብ ጀመረ፤ በ1897 ደግሞ ዛሬ ዓለም የሚያውቀውን ባለ ብዙ ስለት የመኮንኖች ሰንጢ በሕግ አስመዘገበ። በ1909 እናቱ ስትሞት ድርጅቱን በስሟ «ቪክቶሪያ» ብሎ ጠራው። በ1921 የማይዝገው ብረት ሲመጣ፣ ፈረንሳይኛው ለዚህ ብረት የሚጠቀምበት «ኢኖክስ» የሚለው ቃል ከእናቱ ስም ጋር ተቀጥሎ ቪክቶሪኖክስ ተባለ። ያ ሁሉ ወታደር ኪሱ ውስጥ ይዞት የሚዞረው የአንዲት እናት ስም ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው የፈረንሳዩ ኦፒኔል ነው። እጀታው እንጨት ነው፤ ዋጋውም ከሌሎቹ አንጻር ቀላል ነው፤ እኔ ግን ከብዙ ውድ ሰንጢ አስበልጠዋለሁ። ዦዜፍ ኦፒኔል የተባለ የመሣሪያ ቀጥቃጭ ልጅ እ.ኤ.አ. በ1890 በሳቯ ተራሮች ላይ የሠራው ነው። ስለቱ ላይ በ1909 የተመረጠ ምልክት ታትሞበታል፤ ዘውድ የደፋ እጅ ነው። እጁ በአቅራቢያው ካለ ከተማ ዓርማ፣ ዘውዱ ከሳቯ መሳፍንት የተወሰደ ነው ይላሉ። እኔ ግን ባየሁት ቁጥር የቀጥቃጩ የራሱ እጅ ይመስለኛል። የጀርመኖቹስ? «ዞሊንገን» የሚለውን የከተማቸውን ስም ሌላ ቦታ በተሠራ ቢላዋ ላይ ማተም ከ1938 ጀምሮ በሕግ የተከለከለ ነው። እንግዲህ ስለት ሠሪ በሀገሩ የሚከበረው እስከዚህ ድረስ ነው።

ስለ አያያዙ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የጅማ ዝናብ ብረትን አይምርም፤ የማይዝግ የተባለው እንኳ እርጥብ ኪስ ውስጥ ሲሰነብት ነጠብጣብ ያወጣል። ቆዳ ሰገባ እርጥበት ስለሚይዝ ለአንድ ክረምት ሙሉ ሰገባው ውስጥ መተው አይበጅም። እኔ መታጠፊያው ላይ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ጠብ አደርጋለሁ። ሎሚ ከቆረጥኩበት ወዲያውኑ አጥቤ አደርቃለሁ።

ወጣት አንባቢዎቼ «ይህ ሁሉ ለሙስሊም ኢስራፍ አይሆንም ወይ?» ልትሉኝ ትችላላችሁ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። አንድ የሚያውቀኝ ሰው እጀታው በብር የተለበጠ ሰንጢ ሊሸጥልኝ በመጣ ጊዜ ጉዳዩን አንድ ሸይኽ ጠይቄ ነበር። የሻፊዒይ መዝሀብ መጻሕፍት ጉዳዩን በዝርዝር ነክተውት አገኘሁ። ወንድ ልጅ የጦር መሣሪያውን በብር ማስጌጥ ተፈቅዶለታል፤ ለሥራ የሚያገለግል ቢላዋና ብዕር መቅረጫ ሰንጢ ግን ከዚህ ፈቃድ ውጪ ናቸው። የኔ ሰንጢ ብርቱካን መላጫ ነውና መልሱ ግልጽ ነበር፤ አልገዛሁትም። ይልቁንስ የገረመኝ የፊቅህ ሊቃውንት የብዕር መቅረጫዋን ትንሽ ሰንጢ እንኳ ሳይረሱ ለብቻዋ መጥቀሳቸው ነው። ለነገሩ ሸንበቆ እየቀረጹ በለውህ ላይ ለሚጽፉ ሰዎች ሰንጢ ማለት የዱርዬ ዕቃ አልነበረም፤ የዒልም ዕቃ ነበር።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የበግ ወርች በቢላዋ እየቆረጡ ሲበሉ ወደ ሶላት ሲጠሩ ቢላዋውን ጥለው እንደተነሱ በቡኻሪ ተዘግቧል። ስለታም ነገር ይዞ በመስጊድ ወይም በገበያ የሚያልፍ ሰው ጫፉን እንዲይዝ፣ ሰይፍም ከሰገባው እንደተመዘዘ ከእጅ ወደ እጅ እንዳይተላለፍ አዘዋል። እኔም በቤቴ ያጸናሁት ሥርዓት ከዚሁ የተቀዳ ነው። ሰንጢ የሚሰጠው ታጥፎ ነው፤ በሰው መካከል ለጨዋታ አይከፈትም። የአሥራ አምስት ዓመት ልጄ «አባዬ፣ አንዷን ስጠኝ» ሲለኝ ኦፒኔሏን ሰጥቼዋለሁ፤ ነገር ግን ለቤትና ለቡና ጓሮ ብቻ። ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ኳስ ሜዳና ወደ መናኸሪያ ይዞ አይወጣም። በዚህ ዕድሜ ጠብ በአንድ ቃል ይነሳል፤ ኪሱ ውስጥ ስለት ካለ ደግሞ እጁ ከአእምሮው ቀድሞ ይሄዳል። አልወደደልኝም። ይሁን።

ወደ አባቴ ካራ ልመለስ። በየዓመቱ ለዐረፋ ኡዱሕያችን የሚታረደው በእርሷ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሚያርድ ሰው ስለቱን እንዲስልና እንስሳውን እንዳያሠቃይ አዘዋል፤ ከዘጠኙ ሰንጢዎቼ መካከል በዚህ ረገድ እርሷን የሚተካ አንድም የለም። የከባድ መኪና ባሌስትራ በከሰል እሳት ግሎ፣ በመዶሻ ተቀጥቅጦ፣ ውሃ ጠጥቶ የወጣ ብረት ነው። ታዲያ የኤልስነርን ስም፣ የእናቱን ስም ሳይቀር አውቃለሁ። የዚህችን ካራ ሠሪ ስም ግን አባቴም አልነገሩኝም፤ በቤታችንም የሚያውቀው ሰው የለም። «ከአንድ ቱምቱ የተገዛች ናት» ብቻ ነው የሚባለው።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ቃል በእኛ አካባቢ እንዴት እንደሚነገር ታውቃለህ። ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነው። ማጭዱን፣ ዶማውን፣ ገጀራውን ከእርሱ እንገዛለን፤ ከልጁ ጋር ግን አንጋባም። ይህ የጅማ ብቻ ነውር አይደለም። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በእጅ ሥራው መስደብ እንዲቀር በአዋጅ እስከመከልከል የደረሱት ስድቡ አገር አቀፍ ስለነበረ ነው።

ባለፈው ዓመት በአጋሮ በእህቴ ቤት ሽማግሌዎች ተሰብስበን ነበር። የእህቴን ልጅ አንድ ወጣት መምህር ጠይቋታል። ሶላቱን የሚጠብቅ፣ ጸባዩ የተመሰከረለት ልጅ ነው፤ እርሷም ፈቅዳለች። ሁሉም ነገር በደህና ሲሄድ ከቆየ በኋላ አንድ ትልቅ ሰው «አባቱ ምንድን ነው የሚሠራው?» ብለው ጠየቁ። መልሱ ሲነገር ቤቱ ጸጥ አለ። ቡናው ቀርቦ የሚያነሳው ጠፋ።

እኔም ኪሴ ውስጥ የነበረውን ቪክቶሪኖክስ ታጥፎ እንዳለ ምንጣፉ ላይ አስቀመጥኩት። «ሐጂ፣ ይህንን ባለፈው ጊዜ አይተው ማሻአላህ ብለውኛል» አልኳቸው። «ሠሪው ቢላዋ ሠሪ ነው። የሱ ልጅ ቢሆን ኖሮ ስዊዘርላንድ ድረስ ሽማግሌ እንልክ ነበር።» አንዳንዶቹ ሳቁ፤ እርሳቸው አልሳቁም። አዋቂ ሰው ናቸውና በኪታብ መለሱልኝ። ፉቀሃእ በጋብቻ ውስጥ ከፋአን፣ ማለትም መመጣጠንን፣ ሲዘረዝሩ ሙያንም ቆጥረዋል አሉ።

እውነታቸውን ነው፤ ብዙዎቹ ቆጥረዋል። ነገር ግን ያው ኪታብ ከፋአ የሴቲቱና የወሊይዋ መብት መሆኑን፣ እነርሱ ወደው ከተዉት ኒካሑ የጸና መሆኑንም ይናገራል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቁረይሻዊቷን ፋጢማ ቢንት ቀይስን ነፃ የወጣ ባሪያ ልጅ የሆነውን ኡሳማን እንድታገባ መክረዋታል። ደግሞስ በብረት ሥራ ማን ይናቃል? አላህ (ሱ.ወ.) ብረትን ያለሰለሰው ለነቢዩ ዳውድ ነው፤ ጥሩር እንዲሠራም ያዘዘው እርሱን ነው። ሰሐባው ኸባብ በመካ ቀጥቃጭ ነበር። የነቢያችን ልጅ ኢብራሂም የጠባው በአንድ ቀጥቃጭ ቤት ነው፤ ነቢዩ ልጃቸውን ሊያዩ ሲሄዱ ወናፉ እየተነፋ ቤቱ በጢስ ተሞልቶ ነበር፤ ገብተው ልጃቸውን አቅፈው ስመዋል። ይህን ሁሉ ተናገርኩ። ሽማግሌው «አልሰማሁም አላልኩም፤ ግን የሰው አፍስ?» አሉ። ጉዳዩ ከሚቀጥለው የቡና ለቀማ በፊት እንዲታይ ተብሎ ተበተንን። ልጅቷ በጓዳ በር ቆማ ሁሉን ሰምታለች።

ዘንድሮ የካራዋ ቀንድ እጀታ ስለተሰነጠቀ ሒርማታ ወዳሉ ቀጥቃጮች ወሰድኳት። ከመካከላቸው አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው ተቀብለው ስለቷን በአውራ ጣታቸው ነኩና በመስፋቸው ላይ ቀስ አድርገው መቷት፤ ድምፅዋን ለመስማት ነው። «ሐጂ፣ ይቺ የኛ ሰፈር ሥራ ናት» አሉኝ። (ሐጅ አልሄድኩም፤ በጅማ ገበያ ሽበት ያለው ሁሉ ሐጂ ነው።) በምን እንዳወቁ ብጠይቃቸው ከእጀታው ሥር ሲጠርጉት ብቅ ያሉ ሦስት ነጥቦችን አሳዩኝ። ሃያ ዓመት ስወለውላት እጀታው ሸፍኗቸው ኖሯል።

«ይህ ምንድን ነው፣ አባባ?»

«የአባቴ ምልክት ነው። ዕቃው ከተሰበረ ወደ ማን እንደሚመለስ እንዲታወቅ ይመቱታል።»

ስማቸውን ጠይቄ በማስታወሻዬ ጻፍኩ፤ የአባታቸውንም። አዲሱን እጀታ ከዋንዛ ሠሩልኝ። ሦስቱን ነጥቦች እንዳይሸፍን አጠር አድርጉልኝ ብዬ ስለምን ነበርና በመጀመሪያ አልገባቸውም፤ ኋላ ግን ሳቅ ብለው በሞረድ አሳጠሩት። ሽማግሌዎቹ በሚቀጥለው ወር አጋሮ ይሰበሰባሉ። ካራዋን በሰገባዋ አድርጌ ይዣት እሄዳለሁ።