ከባሌ እስከ ታጁራ፦ ፍልፈልና ሻርክ

ፍልፈል ሲባል ደስ የሚለው ገበሬ የለም። ድንቹን ከሥር ይበላበታላ! ዛሬ ግን ከእርሻ በላይ፣ ብርድ አገር የሚኖረውን ፍልፈል እንይ።

አገሩ ባሌ ነው። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ የሰነቲን ሜዳ ያቋርጣል። ከፍታው 4,000 ሜትር ያህል ነው። ግዙፉ የባሌ ፍልፈል ከእነዚህ ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም። «ግዙፍ» ቢባልም ክብደቱ አንድ ኪሎ ያህል ነው። መሬቱን በጥርሱ ይቆፍራል። ከጉድጓዱ ብቅ ብሎ ሣር ይነጭና ቶሎ ይመለሳል። ቀይ ቀበሮ አድፍጦ ይጠብቀዋል።

አሁን ወደ ቆላ እንውረድ። በአዋሽና በድሬዳዋ የሚያልፈው ባቡር ጅቡቲ ያደርሰናል። እዚያ የታጁራ ባሕረ ሰላጤ አለ። ከጥቅምት እስከ ጥር ዓሣ ነባሪ ሻርክ ይታይበታል። ይህ ከዓሦች ሁሉ ትልቁ ነው። ሲያድግ ከ12 ሜትር ሊበልጥ ይችላል። ታጁራ የሚታዩት ግን ብዙዎቹ ገና ወጣቶች ናቸው።

«ታዲያ ሰው አይበላም ወይ?» ትሉ ይሆናል። አይበላም። ጥርሶቹ በሺህ ቢቆጠሩም ከስንዴ ፍሬ አይበልጡም፤ አያኝክባቸውም። አፉን ከፍቶ ውኃ ያስገባል። ውኃው በስንጥቦቹ ሲወጣ፣ ደቃቅ የባሕር ነፍሳት በወንፊት እንደተነፉ ይቀሩለታል።

እንግዲህ እናወዳድር። ትንሹ በጥርሱ መሬት ይቆፍራል፤ ትልቁ ጥርሱን ለምግብ አይፈልገውም። ትልቁን የሚያኖረው ደቃቁ ነው። ባሌም እንደዚሁ ነው፤ ቀይ ቀበሮ የሚኖረው በፍልፈልና በአይጥ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ደግሞ 500 አይሞሉም።

ፍልፈሉም ሻርኩም የመጥፋት አደጋ አለባቸው። ሰነቲ ላይ ከብት ሲበዛ ሣሩ ያልቃል። ሣሩ ሲያልቅ ፍልፈሉ ይራባል። ፍልፈሉ ሲጠፋ ቀበሮውም ይራባል። ሻርኩ ደግሞ ከውኃው ገጽ ቀረብ ብሎ ስለሚመገብ መርከብ ይገጨዋል። ጅቡቲ ወደብ ከሚደርሱት መርከቦች ብዙዎቹ የሚያመጡት የእኛን ዕቃ ነው፤ የምንዘራበት ማዳበሪያ እንኳ በዚያው ይገባል። ባሕሩ ቢርቅም ነገሩ አይርቀንም። ግጦሹ በተራ ቢሆን፣ መርከቡም ሻርክ ባለበት ቀስ ቢል፣ ሁለቱም ይተርፋሉ።

መወያያ፦ በእናንተ ቀዬ ፍልፈል ምን ይበላል? እሱንስ የሚበላው ማነው?