ምግብም ወንዝ ይገድላል

አንባቢዎቼ ሆይ፤ መርዝ ወንዝ ይገድላል ቢሏችሁ አትደነቁም። ገብስ፥ ወተትና ዘይት ወንዝ ይገድላሉ ቢሏችሁስ ምን ትላላችሁ? በማስተምርባት በአምበር ከተማ ይህን ለተማሪዎቼ በነገርኋቸው ጊዜ ሁሉም ሳቁ።

ነገሩን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም። በሰፈራችን ጠላ የሚጠምቁ አንዲት እናት አሉ። አተላውን የት እንደሚደፉት ብንጠይቃቸው፥ «ላም እያለችኝ ምን ሲባል ይደፋል፥ ልጄ?» ብለው መለሱልኝ። ጥቂት ተቀብለን የወንዝ ውኃ በሞላው ጠርሙስ ጨመርነው፤ ሌላውን ጠርሙስ እንዲሁ ተውነው፤ ሁለቱንም ከደንናቸው። ከቀናት በኋላ ስንከፍታቸው ያልተነካው ብዙም አልተለወጠም፤ አተላ የገባበት ግን ክፍሉን በግማት ሞላው። ከዚያ ወዲያ የሳቀ የለም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በውኃ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ምግብ ሲያገኙ ይበዛሉ፤ ሲበዙም በውኃው ያለውን ኦክሲጅን ይጨርሱታል። በአንድ ሊትር የደጋ ወንዝ ውኃ የሚሟሟው ኦክሲጅን ከ10 ሚሊግራም አይበልጥም። ያልተጣራ የቢራ ፋብሪካ ፍሳሽ ግን በውስጡ ያለው ምግብ ተቃጥሎ እስኪያልቅ ድረስ ብዙውን ጊዜ በሊትር ከ2000 እስከ 6000 ሚሊግራም ይፈልጋል። እንግዲህ ዓሣው በምን ይተንፍስ? መርዝ ሳይቀምስ ታፍኖ ይሞታል።

መድኃኒቱስ? መድኃኒቱ እነዚያው ባክቴሪያዎች ናቸው። ድግሱን ወንዙ ዘንድ ከመድረሱ በፊት፥ በተሠራላቸው ገንዳ ውስጥ ይብሉት። እ.ኤ.አ. በ1914 አርደርንና ሎኬት የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን በማንቸስተር፥ በፍሳሽ ውስጥ አየር እየነፉ፥ የዘቀጠውን ጭቃ ለሚቀጥለው ፍሳሽ እያስቀሩ ማጣራቱን እጅግ አፋጠኑት። ጭቃው እንደ እርሾ ነው፤ የትናንቱ ለዛሬ ይሠራል። በ1970ዎቹ ደግሞ በሆላንድ ሌቲንጋ የተባሉት ሊቅና ባልደረቦቻቸው፥ አየር በሌለበት ገንዳ ፍሳሹን ከታች ወደ ላይ በባክቴሪያው ጭቃ መካከል የሚያሳልፍ ዘዴ አወጡ። ከዚህ የሚወጣው ሚቴን ጋዝ ለፋብሪካው ማገዶ ይሆናል። የጠላ ጠማቂዋ ጥበብም ይኸው አይደለምን? የተረፈው ለሚበላው ይሰጣል እንጂ አይደፋም።

ይህን የምጽፈው ጎጃም የማረሻና የበሬ አገር ብቻ መሆኗ እየቀረ ስለ ሆነ ነው። በየካቲት 2013 ዓ.ም. በቡሬ የግብርና ውጤቶች ማቀነባበሪያ ፓርክና ትልቅ የምግብ ዘይት ፋብሪካ ተመረቁ። በዚህ ደስ ይለናል፤ ተማሪዎቻችን ሥራ የሚጠብቁት ከእንደዚህ ያለው ቦታ ነው። ነገር ግን ወንዞቻችን ወደ ዓባይ እስኪወርዱ ድረስ ስንት እንስራ ይሞላሉ፥ ስንት ከብትስ ያጠጣሉ!

ሕጉ አለ፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል። ሆኖም ሕግና ገንዳ ብቻቸውን አይበቁም። ባክቴሪያ እንደ መብራት በፈለጉ ጊዜ የሚያጠፉትና የሚያበሩት አይደለም። የደጋ ብርድ እንደ ሊጥ ያዘገየዋል፤ የፋብሪካ ማጠቢያ ኬሚካል በድንገት ቢለቀቅበት ያልቃል፤ ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ አየሩ ቢዘጋበት ይታፈናል። እንደ ላም ነው፤ ጎብኚ በመጣ ቀን ብቻ አይቀለብም። ስለዚህ ከማሽኑ ጋር ዕለት በዕለት የሚጠብቀው የተማረ ሰው ያስፈልገዋል።

እናንተም በአውራጃችሁ አዲስ ፋብሪካ ሲመረቅ አጨብጭቡ። ጭብጨባው ሲያበቃ ግን፥ «ገንዳውስ የት ነው? ጠባቂውስ ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።