ሁለቱ ሉቃሶች

በወረቀት 39 ዓመቴ ነው። እናቴ ግን አትቀበለውም። «አንተን የወለድሁህ በዘመነ ሉቃስ፣ በጥቅምት ሚካኤል፣ ሰኞ ቀን፣ ከብት ሲሰማራ ነው» ትለኛለች። ዓመተ ምሕረቱን ስጠይቃት «እሱን የተማርኸው አንተ ፈልገው» ብላ ታልፈኛለች።

በ2018 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ማንኩሳ ስሄድ ጥያቄውን ለጎረቤታችን ለመሪጌታው አቀረብሁ። የኔታ በትራቸውን አንሥተው መሬቱ ላይ ይጽፉ ጀመር። «5500 ዓመተ ኩነኔ ላይ ዓመተ ምሕረቱን ደምር፤ ለአራት ግደፍ። አንድ ቢተርፍ ማቴዎስ፣ ሁለት ማርቆስ፣ ሦስት ሉቃስ ነው፤ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ።»

1979ም ሉቃስ ሆነ፤ 1983ም ሉቃስ ሆነ። የቱ ነው? የኔታ ፈገግ አሉ። «እናትህ ሰኞ ብላ የለም?»

1983 ላይ 5500 ሲደመር 7483 ነው። ለአራት ሲካፈል የሚደርሰው 1870፣ ያው መጠነ ራብዒቱ ነው። ሁለቱ ተደምረው 9353 ይሆናሉ፤ ለሰባት ሲገደፍ አንድ ይተርፋል። አንድ ከተረፈ መስከረም 1 ማክሰኞ ነው፤ ከዚያ ሲቆጠር ጥቅምት 12 ሰኞ ላይ ይውላል። የ1979ኙ ግን ረቡዕ ወጣ። በሉቃስ ዘመን ጥቅምት ሚካኤል ሰኞ የሚውለው በ28 ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

«ከብት ሲሰማራስ?» አልኋቸው።

«ፀሐይ ከወጣች አምስት ኬክሮስ ግድም።»

በባሕረ ሐሳብ አንድ ዕለት 60 ኬክሮስ ነው፤ አንዱ ኬክሮስ 24 ደቂቃ። አምስቱ ሁለት ሰዓት ሆኑ ማለት ነው። የሚገርመው፣ ሕንዶችም በጥንታዊ አቆጣጠራቸው ዕለቱን ፀሐይ ከወጣችበት ጀምረው በ60 ጋቲ ይከፍሉታል፤ የነሱም ጋቲ 24 ደቂቃ ነው። ያን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ ልኩ አንድ መሆኑ ይደንቃል።

ደስ ብሎኝ ወደ ቤት ገባሁ። «እማዬ፣ አራት ዓመት አተረፍሁ! የፊተኛው ሉቃስ የኔ አይደለም።»

እናቴ ቡናውን ከእሳት አውርዳ ዝም አለች። ከዚያ፣ «እሱማ የወንድምህ ነው» አለች፤ «ዓመት ሳይደፍን የሞተው። አባትህ ሊያስመዘግብህ ሲሄድ ሉቃስ ብቻ አለ፤ ጸሐፊው ወደ ኋላ ቆጥሮ ያንን ጻፈ።»

ወንድም እንደነበረኝ ያን ቀን ሰማሁ። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ፣ በየቅጹ ስሞላ የኖርሁት የሱን ዓመት ኖሯል።

አዲስ አበባ ስመለስ መታወቂያዬን አስተካክላለሁ ብዬ ነበር። ተውሁት። ዓመቱ ሌላ የተጻፈበት ቦታ የለም።