ስለ ዓይን ሥር መርፌ
«ልትኳል ሄዳ ዓይኗን አጠፋች» ይላል ተረታችን። በ2018 እ.ኤ.አ. በተከፈተው የጅቡቲ ዓለም አቀፍ ነፃ የንግድ ቀጠና የዕቃ መዝገብ ስንመረምር ሌሊቱ ያልፋል፤ ሙቀቱም እንቅልፍ ይነሣናል። ከዘርና ከዕድሜ የመጣውን የዓይን ሥር ጉድጓድ ይህ ድካም ያጎላዋል። ስለዚህ ከባልንጀሮቻችን አንዳንዶቹ በመርፌ ሊያስሞሉት ያስባሉ። የሚወጋው ብዙውን ጊዜ ሃያሉሮኒክ አሲድ ነው፤ ይህም በ1934 እ.ኤ.አ. በመጀመሪያ ከከብት ዓይን ውስጥ የተገኘ ነው። ቆዳው በዚያ ስፍራ ስስ በመሆኑ እብጠት ወይም ሰማያዊ ጥላ ሊታይ ይችላል፤ ይህስ ሃያሉሮኒዴዝ በተባለው መድኃኒት ሊሟሟ ይችላል። ነገር ግን መሙያው ከደም ሥር የገባ እንደሆነ፣ ምንም እንኳ የሚደርሰው ከስንት አንድ ጊዜ ቢሆን፣ ዓይንን ሊያሳውር ይችላል፤ የጠፋውንም ብርሃን መመለስ እጅግ አስቸጋሪ ነው። እንግዲህ መርፌ ከመሻት አስቀድሞ እንቅልፍን መሻት ይበጃል፤ ውሳኔው ከጸና ግን የሐኪሙ ሙያና የማሟሟያው መድኃኒት በእጁ መገኘት አስቀድሞ ይጠየቅ።