ለሙሽሮቹ ምን እንበትን?

ሠርግ የሚደግስ ሰው የሚጨነቅባቸው ነገሮች ይታወቃሉ። አዳራሹ፣ ቬሎው፣ ዲኮሩ፣ ሥጋው ይበቃ ይሆን፣ ካሜራማኑ ይቀር ይሆን... ከዝርዝሩ ግርጌ ግን ሠርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ብቻ ትዝ የሚል አንድ ጥያቄ አለ። ሙሽሮቹ ሲገቡ ምንድን ነው የሚበተንባቸው?

ቀላል ጥያቄ ይመስላል። እስቲ አንድ ቀን የሁለት ወገን ቤተሰብ በተሰበሰበበት አንሱትና ጉዱን እዩ!

ባለፈው ጥር ሮቤ ላይ የጓደኛችን ሠርግ ነበር። እኛ ሦስት ሚዜዎች ነን፤ ሁለታችን ከአዲስ አበባ፣ አንዳችን እዚያው ጎባ ተወልዳ ያደገች። ሥራ ስንከፋፈል «መበተኛው» የእኛ ድርሻ ሆነ። ሦስታችንም ጋዜጠኝነት የተማርን ነንና (ሙሽሪትም የክፍላችን ልጅ ናት) ያለንን አወጣን፤ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ማን፣ ለምን፣ እንዴት። ከተመረቅን ወዲህ እነዚህ ስድስት ጥያቄዎች እንደዚያ ሰሞን አገልግለውን አያውቁም።

ምን?

እናላችሁ አማራጮቹን ደረደርን። ፈንዲሻ አለ፤ ከቡና ስኒ ጀምሮ እስከ ልደትና ሠርግ ድረስ የማይገባበት የለም። ቄጠማና ለምለም ሳር አለ። የጽጌረዳ አበባ አለ። እንደ በረዶ የሚረጨው ስፕሬይ አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሙሽሪት በስልኳ እያሳየችን ዓይኗ የሚያበራለት ብልጭልጭ አለ፤ ቱቦውን ስትጠመዝዙት «ጧ!» ብሎ ወርቅና ብር የሚያዘንበው።

ስፕሬዩን ወዲያው ሰረዝነው። የቆርቆሮው ጋዝ እሳት የሚይዝ ነው፤ ሙሽሮች ደግሞ ኬክ የሚቆርሱት ሻማ አጠገብ ቆመው ነው። በዚህ ላይ ማንም አልተከራከረንም።

ብልጭልጩ ግን ጠበቃ ነበረው። የሙሽራው ጓደኞች ሳይጠይቁን መርካቶ ወርደው አሥር ቱቦ ገዝተዋል! የሙሽሪት እናት ይህን እንደሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። «እነሱ ብልጭልጭ ይዘው ሲመጡ የእኛ ወገን ሳር ይዞ ሊቆም ነው?» አሉ። ባላቸው ከሞቱ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ልጃቸውን ያሳደጉትና ያስተማሩት ብቻቸውን ነው። «አባት የሌላት ልጅ ሠርግ» እንዳይባል ስንት ዓመት ሲያስቡ እንደኖሩ እኛም እናውቃለን። ስለዚህ ነገሩ የወረቀት ጉዳይ ብቻ አልነበረም።

ለመሆኑ ይህ ኮንፌቲ የሚባል ነገር ከየት መጣ? ቃሉ የጣልያን ነው፤ ለጣልያኖቹ ግን ዛሬም «ኮንፌቲ» ማለት በሠርግ ለእንግዳ የሚታደል በስኳር የተለበጠ ለውዝ ነው። የሚበተነውን ወረቀት የሚጠሩት «ኮሪያንዶሊ» ብለው ነው፤ ከድንብላል የመጣ ስም። ድሮ በካርኒቫል ቀን በስኳር የተለበጠ የድንብላል ፍሬ ይወራወሩ ነበርና። እ.ኤ.አ. በ1875 ሚላን አጠገብ ኤንሪኮ ማንጂሊ የሚባል ሰው ለሐር ትል ማርቢያ ከሚበሳው ወረቀት የሚወድቁትን ክብ ክብ ቁርጥራጮች ሰብስቦ መሸጥ ጀመረ ይባላል። ማለት የዓለም ሠርግ የሚያጌጠው በፋብሪካ ትርፍራፊ ነበር። የዛሬው ብልጭልጭ ግን ስሙ «ወረቀት» ይባል እንጂ አብዛኛው ወረቀት አይደለም፤ ላዩ ላይ ስስ አሉሚኒየም የተቀባ ፕላስቲክ ነው። ይህቺን ነጥብ ያዙልን።

የት?

ሠርጉ ሦስት ቦታ ነበረው። አንደኛው ሮቤ ያለው አዳራሽ። ሁለተኛው ለፎቶ የተመረጠው ሳኔቲ። ሦስተኛው ሲናና ገጠር ውስጥ ያለው የሙሽሪት አያት ግቢ፤ በማግስቱ ምርቃቱ ያለው እዚያ ነው።

ሳኔቲን ያላየ ሰው ፎቶውን በስልክ ሳያይ አይቀርም። ከሮቤ ጎባ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከጎባ ሽቅብ ሲወጣ ከ4,000 ሜትር በላይ ያለ ሜዳ ላይ ትደርሳላችሁ። ጅብራው እንደ ዘበኛ ቆሟል፤ ቱሉ ዲምቱ በ4,377 ሜትሩ ከሩቅ ይታያል። ቬሎ እዚያ ላይ ሲውለበለብ እውነትም ያምራል። ሙሽሪትም ያሰበችው ይህንኑ ነበር፤ ነፋሱ ቬሎውን፣ ብልጭልጩም ሰማዩን።

ችግሩ ነፋሱ ነው። አዳራሽ ውስጥ የተበተነ ነገር ይጠረጋል፤ ሳኔቲ ላይ የተበተነን ግን መጥረጊያ አይደርስበትም። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ወደ 500 ገደማ ናቸው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት ባሌ ነው። ውሃውም ከዚያው ነው። ወይብ ከዚያ ተራራ ተነስቶ ቁልቁል ወርዶ የሶፍ ኡመርን ዋሻ ሰንጥቆ ያልፋል፤ ከዚያም ጉዞው እስከ ሶማሊያ ነው። የአንድ ሠርግ ብልጭልጭ ዓለምን አያጠፋም፣ ልክ ነው። ግን በጥር ቅዳሜ ሳኔቲ ላይ ስንት ሙሽራ እንደሚሰለፍ ሄዳችሁ ቁጠሩ።

አንዳችን «እዚያው የሚበቅለውን ነጭ አበባ ለቅመን ብንበትንስ? ሲደርቅም አይጠወልግም» አለች። የጎባዋ ሚዜ ሳቀች። «ፓርክ ውስጥ እኮ ነው! የፓርኩን አበባ ነቅለሽ ለፓርኩ ልትበትኚ?» ሳኔቲ ላይ ምንም እንዳይበተን ተስማማን። ቬሎና ነፋስ ይበቃል።

መቼ?

ጥር ነው። ባሌ ስንዴ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚያመርት አገር ነው፤ ገናና ቦና ይሏቸዋል። በጥር የቦናው እህል ገብቶ አልቋል፤ ኮምባይነሩ ማሳውን ለቅቆ ገለባው እንደ ወርቅ ተኝቷል። «ታዲያ ለምን ስንዴ አንበትንም? የአገሩ ነው!» አልን። የጥንት ሮማውያን ሠርግ ላይ ለውዝ ለልጆች ይበትኑ ነበር፤ ፈረንጆቹ ሩዝ ይበትናሉ። (እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ውስጥ የኮነቲከት ምክር ቤት አባል የሆነች ሴት «ሩዙ የወፎችን ሆድ ይነፋል» ብላ የሚከለክል ሕግ አቅርባ ነበር። ወፍ ግን ከእርሻ ላይ ደረቅ ሩዝ ስትበላ የኖረች ናት፤ አንዷም አልፈነዳችም።)

ይህን ሐሳብ ይዘን ወደ አያቷ ሄድን። አኮ ነው የምንላቸው፤ አማርኛ ይሰማሉ፣ የሚመልሱት ግን በኦሮምኛ ነው፤ ሙሽሪት ታስተረጉማለች። ጩኮ በቅቤ አቅርበውልን እየበላን ስለ ስንዴው ነገርናቸው። እጃቸውን ከጩኮው ላይ አነሱ።

«እህል ይበላል እንጂ ይረገጣል?»

ይኸው ነው። ሌላ ማብራሪያ አልሰጡም። 77ን በዓይናቸው ላየ ሰው ማብራሪያ መጠየቅም ነውር ነው።

«ፈንዲሻስ አኮ? እሱም እኮ እህል ነው» አልናቸው።

ትንሽ አሰቡ። «ፈንዲሻ ልጆች ይለቅሙታል፤ ከልጆች የተረፈውን ዶሮ ይለቅመዋል። የሚባክን የለውም» አሉ።

ገለባውስ? አንዳችን እፍኝ አንስታ ወደ ላይ በተነችው። በእውነት ያምራል፤ ፀሐይ ላይ ወርቅ ነው። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ግን ሦስታችንም አንገታችንን እያከክን ነበር። ሙሽራ ቃል እየገባች ስታክክ ይታያችሁ።

ማን?

በዚያው ቀን ነው ስለ ላሟ የሰማነው። ብልጭልጩን በስልክ ለአኮ አሳየናቸው። ትኩር ብለው አዩት። «ይኼ ወረቀት ነው ላስቲክ?» አሉ። ላስቲክ ነው አልናቸው። ዝም አሉ። ሙሽሪት ናት የነገረችን። ከሁለት ዓመት በፊት የአኮ ላም ሆዷ ተነፍቶ አልበላ አልጠጣ ብላ ሰነበተች። ስታርፍ ሲከፍቷት ሆዷ ውስጥ የተጠቀለለ ፌስታል ተገኘ። ሁለት ጥጃ የሰጠች፣ ቅቤዋ ለቤቱ ይተርፍ የነበረ ላም ናት። የዚያን ዓመት የሙሽሪት ታናሽ ወንድም ኮሌጅ የሚከፈልለት አጥቶ አንድ ሴሚስተር ቀርቷል።

በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። ጥሩ ነው። የሠርግ ብልጭልጭ ግን ማን ትዝ ብሎት? እንደ ፌስታል ለቅማችሁ የምትጥሉት ነገር እንኳ አይደለም፤ ጥፍር ታክላለች፣ ሳር ውስጥ ትገባለች፣ ከብት ሳሩን ሲነጭ አብራ ትሄዳለች። ምርቃቱ ያለው ደግሞ አኮ ግቢ ነው። በጎቻቸውና የቀረችው ላማቸው የሚውሉት እዚያው ሳር ላይ ነው።

ሮቤ ስንመለስ አዳራሹን የሚያጸዱትን እናት አነጋገርን። ከሠርግ በኋላ ሌሊት ሰባት ሰዓት መጥረጊያ ይዘው የሚቀሩት እሳቸው ናቸው። «ፈንዲሻ በአንድ ሰዓት ይወጣል። አበባም ይወጣል። ያ የሚያብረቀርቀው ግን ምንጣፉን ይዞ አይለቅም፤ በጥር ያገቡትን በሚያዝያ እየለቀምኩ ነው» አሉን እየሳቁ። ለዚያ ሰዓት ጭማሪ ማን ይከፍልዎታል ስንላቸው ሳቃቸውን አቆሙ።

ለምን?

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሙሽሪት ምን አለች? አለቀሰች። አንዳንዱ ሰው «ለወረቀት ይለቀሳል እንዴ» ይል ይሆናል። እኛ አላልንም። በአንድ ወገን እናቷ «አንሰን አንታይ» ይላሉ፤ በሌላ ወገን አያቷ ዝም ብለዋል፤ እሷ ደግሞ አንድ ጊዜ፣ በሕይወቷ አንድ ቀን፣ ከላይ የሆነ ነገር እየዘነበባት በፎቶ መታየት ፈልጋለች። ይህ ኃጢአት አይደለም።

ሰው ለምንድን ነው ሙሽራ ላይ የሚበትነው? እኛ እንደገባን ሁሉም የሚለው አንድ ነገር ነው፤ «ይትረፍረፍላችሁ።» ሮማዊው በለውዝ፣ ፈረንጁ በሩዝ፣ የእኛ ሰው በፈንዲሻ። አርሲና ባሌ ላይ ሽማግሌ ሲመርቅ እርጥብ ሳር ይይዛል፤ እርጥብ ሳር ዝናብ ነው፣ ከብት ነው፣ ልጅ ነው። ታዲያ «ይትረፍረፍላችሁ» ብለን የምንበትነው ነገር የአያቷን ላም የሚገድል ከሆነ ምርቃቱ የቱ ጋ ነው?

ይህንን ለእናቷ የነገራቸው እኛ አይደለንም፤ ሙሽራው ነው። የላሟን ታሪክ ከዚያ በፊት አልሰማም ነበር። እናቷ ቤት መጥቶ «እማማ፣ ቱቦዎቹ ይቅሩ። የእኔ ወገንም ሳር ይዞ ይቆማል» አላቸው። የእናትየው ጭንቀት ያለቀው እዚያች ላይ ነው። ሁለቱም ወገን ሳር ከያዘ አንሶ የሚታይ የለም።

አሥሩ ቱቦ የት ደረሰ? የገዙበት ሱቅ «የተሸጠ አይመለስም» ብሎ ጓደኞቹ ለምረቃ ለሚዘጋጁ ተማሪዎች በግማሽ ዋጋ ሸጡት። የእኛ ሠርግ ዳነ እንጂ ፕላስቲኩ ከአገር አልወጣም።

እንዴት?

አሁን ለምታገቡ፣ ለምትድሩና ሚዜ ለምትሆኑ ሁሉ የሠራልንን እንንገራችሁ።

ለአዳራሹ ፈንዲሻ። ሲፈነዳ ዘይት አይግባ፤ ዘይት ቬሎ ላይ ካረፈ አይለቅም። ስኳርም አይግባ፤ ይጣበቃል። በደረቅ ብረት ድስት፣ ክዳኑን ይዞ እየነቀነቁ ማፈንዳት ነው። ከዚያ በወንፊት ንፉት፤ ያልፈነዳው ፍሬ ዓይን ይመታል፣ ወለል ላይ ደግሞ ባለ ረጅም ተረከዝ ጫማ የለበሰችን ሙሽራ ያንሸራትታል። ብዙ አትግዙ። አንዷ ፍሬ ስትፈነዳ ከ20 እጥፍ በላይ ታብጣለች፤ ለእኛ ሦስት ኪሎ ለሁለት መቶ ሰው ተርፏል።

ለፎቶው ጽጌረዳ። ፈንዲሻ እንደ ጠጠር ይወርዳል፤ የሚንሳፈፍ ነገር ከፈለጋችሁ አበባ ነው። የባሌ የጥር ውርጭ የግቢ አበባን ስለሚያቃጥል ከአዲስ አበባ በካርቶን ይዘን ሄድን። ቅጠሉን የሠርጉ ዕለት ጠዋት ሸልቅቁና ሰፌድ ላይ ጥላ ውስጥ አስጡት፤ እርጥቡ ይጣበቃል፣ በጣም የደረቀው ይፈረፈራል። ነጭና ፈዛዛ ሮዝ ምረጡ፤ ደማቅ ቀዩ ሲረገጥ ያቀልማል። የተበተነው አዳራሹ በር ላይ ነው፤ ፎቶዋን አግኝታለች።

ለአያት ግቢ ሳር። አኮ ጠዋት ያስቆረጡትን ለምለም ሳር ለሁሉም ትንሽ ትንሽ አደሉ። ሙሽሪት እናቷ የሰጧትን ሲንቄ ይዛ ቆመች፤ ሽማግሌዎቹ መረቁ፤ ምርቃቱ ሲያልቅ ሳሩን በጎቹ በሉት።

ለአዳራሽ ጽዳት ሠራተኛዋ ደግሞ ለብቻ የታሸገ ገንዘብ። ይህንን በጀት ውስጥ የሚጽፍ ሰው አላየንም፤ እናንተ ጻፉት። ከዲኮሩ ላይ አንድ ሪባን ብትቀንሱ ይሸፍነዋል።