የሁለት ደቂቃ ሕግ

የስፖርት ዜና ስንጽፍ መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ የታወቀ ነው። «ማን አሸነፈ?» ከዚያ ሰዓቱ፣ ከዚያ ሁለተኛና ሦስተኛ የወጡት፣ ቦታ ከተረፈ ደግሞ አሰልጣኙ የተናገረው። አራተኛ የወጣውን ሰው እናቱ ካላስታወሰችው በቀር የሚያስታውሰው የለም። ለአንድ ቀን ውድድር ይህ አጻጻፍ ብዙም ላያስከፋ ይችላል። ለቀናት በተከታታይ ለሚካሄድ የብስክሌት ውድድር ግን አይበቃም ባይ ነኝ። ለምን? ነገሩ እንዲህ ነው።

በመጀመሪያ ይህ ስፖርት ከእኛ ሙያ ጋር የሥጋ ዝምድና አለው። ቱር ደ ፍራንስን እ.ኤ.አ. በ1903 የጀመረው «ሎቶ» የተባለ የፈረንሳይ ጋዜጣ ነበር። ዓላማውም ሌላ ሳይሆን ጋዜጣ መሸጥ ነው። የዛሬውን ያነበበ ሰው ነገ ምን ይሆን ብሎ ተመልሶ እንዲገዛ! የጣሊያኑን ጂሮም እ.ኤ.አ. በ1909 የጀመረው «ጋዜታ ዴሎ ስፖርት» ነው። በቱሩ መሪው የሚለብሰው ቢጫ ማሊያ የሎቶ ወረቀት ቀለም፣ የጂሮው ሮዝ ማሊያ ደግሞ የጋዜታው ወረቀት ቀለም ነው። እንግዲህ በቀጠሮ የሚያድር ወሬ ፈልገው ጋዜጠኞች የፈጠሩት ውድድር ነው ማለት ይቻላል።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ውድድሩ በየቀኑ ተከፍሎ ይካሄዳል፤ የየቀኑ ሰዓት ይደመራል፤ ድምሩ ትንሽ የሆነው ያሸንፋል። አሜሪካዊው ግሬግ ሌመንድ እ.ኤ.አ. በ1990 የአንድም ቀን አሸናፊ ሳይሆን ቱሩን በድምር ወስዶታል። በሌላ በኩል ደግሞ የሰዓት ገደብ አለ። ከመጀመሪያው ሰው በኋላ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ያልገባ ብስክሌተኛ በማግስቱ አይነሳም። ከሁሉም ኋላ የደከሙትን እየለቀመ የሚመጣ መኪና አለ፤ ፈረንሳዮች «መጥረጊያ መኪና» ይሉታል። ስለዚህ ተራራ ባለበት ቀን አንድ መንገድ ላይ ሁለት ውድድር ይካሄዳል። ከፊት ያሉት ለማሸነፍ፣ ከኋላ ያሉት ደግሞ ነገን ለማግኘት።

ከሁሉ በላይ የማረከኝ ግን የደቡብ አፍሪካው ኬፕ ኤፒክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረ የተራራ ብስክሌት ውድድር ሲሆን ስምንት ቀን ይፈጃል። አስፋልት ሳይሆን ኮረኮንች፣ አሸዋና ድንጋይ ነው መንገዱ። የሚወዳደሩትም ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ዋናው ሕግ፦ ሁለቱ ጓደኛሞች በየመቆጣጠሪያው ሲደርሱ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከሁለት ደቂቃ መብለጥ የለበትም። ከበለጠ ይቀጣሉ። ማለትም የቱንም ያህል ጉልበት ቢኖርህ ፍጥነትህ የደካማው ጓደኛህ ፍጥነት ነው።

የእኛ ሰፈር ኮልፌ ቀራንዮ፣ አየር ጤና አካባቢ ነው። ከደጅ ወጥቶ ወደ ምዕራብ ያየ ሰው የወጨጫን ተራራ ያያል። ባለፈው ጥር መጨረሻ፣ በመንፈቅ ዓመቱ እረፍት፣ ስምንት የሰፈር ልጆች ተሰብስበን የሁለት ደቂቃውን ሕግ ተበደርንና የሦስት ቀን ውድድር አዘጋጀን። ስም የለው፣ ስፖንሰር የለው። በነፍስ ወከፍ 400 ብር አዋጣን፤ ለአሸናፊዎቹ ጥንዶች ሁለት ሁለት አዲስ ጎማ ሊገዛበት። ሞተር ያለው ጓደኛችን ደብተር ይዞ መዝጋቢ ሆነ። ከሁለት ደቂቃ በላይ የተለያዩ ጥንዶች ሩብ ሰዓት ይጨመርባቸዋል ተባለ።

የእኔ ጥንድ ታናሽ ወንድሜ ነበር። ቤት ውስጥ ማሙሽ ነው የምንለው፣ 19 ዓመቱ ነው። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ወሰደ። በዚያ ዓመት በአገር አቀፍ ደረጃ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 5.4 ብቻ ነበሩ፤ እሱ ከነሱ ውስጥ አልነበረም። በማግስቱ ዓመት ደገመ፣ አሁንም አልሆነም። ከዚያ በኋላ በብስክሌት ዕቃ ማድረስ ጀመረ። ብስክሌቱ እንጀራው ነው። የኋላ ጎማው ግን መላጣ ሆኗል፣ ጥርስ የሚባል አልቀረለትም። እኔ ለመዝናናት ነበር የገባሁት፤ እሱ ለጎማው።

እቤታችን ውስጥ የእኔና የእሱ ቦታ ከዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ጀምሮ ተለይቷል። እንግዳ ሲመጣ «ይሄ ጋዜጠኛው ነው» ተብዬ እኔ እጠራለሁ። ማሙሽ ቡና አቅርቦ ይወጣል። ማንም በክፋት አይደለም የሚያደርገው፤ በቃ እንዲያ ሆነ።

የመጀመሪያው ቀን ከአስኮ በዊንጌት፣ በሽሮ ሜዳ አድርጎ እንጦጦ ነበር። ሁለተኛ ወጣን፣ ከመሪዎቹ በ40 ሰከንድ ብቻ ተበልጠን። ከባዱ ሁለተኛው ቀን ነው። ከአየር ጤና ተነስቶ በዓለም ገና ሰበታ፣ ከሰበታ ወደ ሱባ መናገሻ ደን መግቢያ፣ ከዚያ በመጡበት መመለስ።

እስከ ሰበታ የጅማ መንገድ አስፋልት ስለሆነ ከሲኖትራኩ ጭስ በቀር ችግር አልነበረም። ማሙሽ ከፊት ሆኖ ነፋሱን እየከለለልኝ ሄድን። ከሰበታ በኋላ ኮረኮንቹ ተጀመረ። ዳገት ላይ ፍጥነት ስለሚቀንስ ነፋስ መከለል ብዙ አይረዳም፤ እያንዳንዱ የራሱን ክብደት ራሱ ነው የሚሸከመው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የወጨጫ ጫፍ ደግሞ ከ3,300 ሜትር ያልፋል። በዚህ ከፍታ አንድ ትንፋሽ የሚይዘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብና ከዚያ በላይ ያንሳል። እዚህ ተወልደን ያደግን ብንሆንም ሳንባ የራሱ ሒሳብ አለው። በዚያ ላይ የትናንቱ እንጦጦ ጭኔ ውስጥ ነበር። የተከታታይ ቀን ውድድር ክፋቱ ይኼ ነው፤ ትናንት ያወጣኸውን ጉልበት ዛሬ ይቆርጥብሃል።

ግማሽ ዳገት ላይ ስደርስ ጉልበቴ ከዳኝ። የመጨረሻው ማርሽ ላይ ነኝ፣ ሌላ ማርሽ የለም። ጎማው ጠጠሩ ላይ ይንሸራተታል፣ አቧራው ጉሮሮዬን ዘጋው። ማሙሽ ኩርባውን አልፎ ተሰወረ። ሳየው ቆሞ ይጠብቀኛል። እደርስበታለሁ፣ ይነሳል፣ ይሰወራል፣ ደግሞ ቆሞ አገኘዋለሁ። ለብቻው ቢሆን ኖሮ መሪዎቹን ይደርስባቸው ነበር፣ ይህን ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም።

«ሂድ በቃ» አልኩት። «ቅጣቱን እንቀበላለን።»

«ቅጣቱ የሁለታችን ነው። ዝም ብለህ ርገጥ።»

«ማሙሽ፣ ጎማው ያመልጥሃል!»

ከኋላ ኪሱ በላስቲክ የተጠቀለለ የበሶ ጭብጦ አውጥቶ ገምሶ ሰጠኝ። «ውጤት ሁለት ጊዜ ጠብቄያለሁ» አለ እየሳቀ። «አንተን አምስት ደቂቃ መጠበቅ ምን አላት?»

ምን ልመልስለት? በሶውን ዋጥኩና ረገጥኩ። ስለ ፈተናው በራሱ አፍ ሲያወራ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ቤት ውስጥ ሁላችንም እንዳይከፋው ብለን የማናነሳውን ነገር፣ እሱ ዳገት ላይ ቀልድ አደረገው።

ከደኑ መግቢያ ሦስተኛ ሆነን ደረስን። በመካከላችን የነበረው ልዩነት አንድ ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ መሆኑን መዝጋቢያችን ጮኾ ነገረን። ከበሩ ማዶ ጥዱና ዝግባው ጥቅጥቅ ብሎ ይታያል። ደኑን በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ እንዳስተከሉት ይነገራል። ጥላው ሥር ትንሽ መቀመጥ እንዴት አማረኝ! ግን ሰዓቱ ይቆጥራል።

ቁልቁለቱ ላይ ነገሩ ተገለበጠ። በመላጣ ጎማ ጠጠር ላይ መብረር አይቻልም፤ ማሙሽ ፍሬን እየያዘ፣ አንድ እግሩን እያወጣ በዝግታ ወረደ። የእኔ ጎማ ደህና ስለነበር አሁን ጠባቂው እኔ ሆንኩ። ሰበታ ልንገባ ስንል ካላማዳሪው ፈነዳ። በማስቲሽ ለጥፈን እስክንነፋው 12 ደቂቃ ሄደ። አየር ጤና ስንገባ ከመሪዎቹ 14 ደቂቃ ወደ ኋላ ቀርተናል። እናታችን በር ላይ ቆማ ማን አሸነፈ ብላ አልጠየቀችም። «በላችሁ?» ነው ያለችው። ከዚያ እግራችንን በጨው ውኃ ዘፈዘፍን።

ሦስተኛው ቀን አጭር ነበር፤ ከአየር ጤና በቤቴል አድርጎ አስኮ ደርሶ መልስ። በድምር ሦስተኛ ወጣን። ጎማዎቹን ሌሎች ወሰዱ። ማሙሽ ሰኞ ጠዋት በዚያው በመላጣው ጎማ ወደ ሥራው ወጣ።

ይህን ውድድር ዜና አድርገህ ጻፈው ብባል በተማርነው አጻጻፍ የማሙሽ ስም አይገባም። ይህ ደግሞ የሰፈር ጨዋታ ስለሆነ ብቻ አይደለም። በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትሳተፍ ሜልቦርን ላይ ገረመው ደንቦባ በብስክሌት 24ኛ ወጣ። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ከማሸነፉ አራት ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ከመካከላችን የገረመውን ስም የሚያውቅ ስንት ሰው አለ? ጽጋቡ ግርማይም በ2008 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። በእንዲህ ያለ ቡድን ውስጥ የአብዛኛው ብስክሌተኛ ሥራ ለመሪው ነፋስ መከለል፣ ውኃ ማመላለስና መጠበቅ ነው። ይህን ሥራ የውጤት ሰንጠረዥ አይጽፈውም። ሰንጠረዡ ቁጥር ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ቀሪውን የሚያውቅ እዚያ ቆሞ ያየ ሰው ነው።

እና ለክፍል ጓደኞቼ አንድ ሐሳብ አለኝ። ውድድር ዘግቡ ተብላችሁ ስትላኩ አሸናፊውን አነጋግራችሁ ታክሲ ለመያዝ አትሩጡ። መጥረጊያው መኪና እስኪገባ ድረስ ቆዩ። ከኋላ አብረው የሚገቡ ሁለት ሰዎች ካያችሁ ሌላ ምንም ሳትሉ ይህን ጠይቋቸው፦ «ማን ማንን ጠበቀ? የትኛው ዳገት ላይ?»